ትልቁን ባትሪ ከመወንጀላችሁ በፊት

አንድ ቀን ጠዋት በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የምትሄደውን (ሃይብሪድ) መኪናዬን፣ ፕሪየሴን፣ ላስነሳ ስል ዳሽቦርዱ ላይ ያለ መብራት ሁሉ ቦግ አለ። ለመሄድ ዝግጁ ናት የሚለው «ሬዲ» ጽሑፍ ግን አልመጣም። የጠራሁት መካኒክ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ሃይብሪድ ባትሪው አልቆለታል» አለኝ። ክው ብዬ ቀረሁ።

ያለቀለት ትንሹ ነበር። ሃይብሪድ መኪና ሁለት ባትሪ አላት። ትልቁ መኪናዋን ይነዳል፤ የእኔዋ ላይ 201.6 ቮልት ነው። ባለ 12 ቮልቱ ትንሹ ደግሞ ኮምፒውተሮቹን ይቀሰቅሳል። እነሱ ካልነቁ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም ምንም አይፈይድም። ስለዚህ መኪናዋ እምቢ ስትል መጀመሪያ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) አንሱና ትንሹን ለኩ። ጠፍታ ጥቂት ሰዓት ካረፈች በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ካነበበ ደህና ነው። የእኔ 10.9 ነበር። ቻርጅ አድርጋችሁት ካልያዘ ቀይሩት። በሃይብሪዳችሁ የሌላ ሰው መኪና ለማስነሳት ግን ኬብል አትዘርጉ።

ትልቁን ባትሪ የሚገድለው ሙቀት ነው። ብዙ ሃይብሪዶች ላይ የኋላ ወንበር ጎን ወንፊት የመሰለ ክዳን አለ። ባትሪው የሚተነፍሰው በዚያ ነው። እኔ ለዓመታት ጃኬቴን የምጥለው እዚያ ላይ ነበር። አንድ ቅዳሜ ክዳኑን በጣቴ ሳብ አድርጌ አወጣሁት። ውስጡ ግራጫ ብናኝ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። የከረሜላ ወረቀትም ነበረበት። በደረቅ ብሩሽ ጠረግሁት፣ በቫኪዩም ሳብሁት። ማራገቢያው ባትሪው አጠገብ ስለሆነ ለሚያውቅ ሰው ሰጠሁ፤ ምላጮቹም በብናኝ ተለብጠው ነበር። ከጀርባዬ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮህ የነበረው ድምፅ ጠፋ። አሁን በየጥቂት ወሩ አየዋለሁ። እናንተም ዛሬውኑ እዩት፣ እለምናችኋለሁ።

ብርቱካናማ ኬብል ካያችሁ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ነውና እጃችሁን ሰብስቡ። መኪናዋ ጠፍታም ቢሆን አትነካኩት።

የባትሪውን ኃይል ለኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚቀይረው ኢንቨርተር ብዙ ጊዜ ከቤንዚን ሞተሩ የተለየ የራሱ ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) አለው። መጠኑ በሁለቱ መስመሮች መካከል መሆኑን እዩ። የእኔዋ ላይ ሬዲ ሲበራ ማጠራቀሚያው ውስጥ ፈሳሹ ሲናወጥ ይታያል። ዝም ካለ ፓምፑን አስፈትሹ፤ እስኪጣራ ድረስም አትንዷት።

ዘይት መጽሐፏ የሚለውን ብቻ። ፍሬኑ ግን ያታልላል። ፍጥነት የሚቀንሰው በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ሞተሩ ስለሆነ የፍሬን ሸራው ቶሎ አያልቅም። ብዙ ስለማይሠራ ደግሞ ፒኖቹ ዝገው ይያዛሉ። ሸራው ገና ነው ተብላችሁ አትተዉት፤ በዓመት አንዴ ተፈቶ ይጽዳና ግሪስ ይቀባ።

ስካነር (የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ላይ ፒ0ኤ80 (P0A80) የሚል የብልሽት ኮድ ከመጣ ጉዳዩ በእርግጥ ወደ ትልቁ ባትሪ ያመለክታል። ያኔም ቢሆን «ይቀየር» ሲሏችሁ ወዲያው እሺ አትበሉ። መኪናዋ ዳገት ስትወጣ የየብሎኩን ቮልቴጅ ስካነር ላይ አሳዩኝ በሉ። እንደ እኔዋ ባለ ፕሪየስ ላይ ትልቁን ባትሪ የሚሠሩት 28 ሞጁሎች (ትናንሽ ክፍሎች) ጥንድ ጥንድ ሆነው በ14 ብሎክ ይነበባሉ። አንዱ ከሌሎቹ ተነጥሎ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ የት እንዳለ በዓይናችሁ ታያላችሁ። የማገናኛ ብረቶቹ ዝገውም ንባቡን ሊያዛቡት ስለሚችሉ እነሱም ይታዩ።

መንገድ ሲዘጋጋ ደግሞ ማርሹን ኤን ላይ አድርጋችሁ አትቁሙ። ኤን ላይ ትልቁ ባትሪ አይሞላም፤ ኤሲው ግን ይበላዋል። ፍሬን ይዛችሁ ዲ ላይ ጠብቁ።