ደሴ–ኮምቦልቻ ለምትመላለሱ፦ ቱርኒኬት (ደም ማቆሚያ ማሰሪያ) ያዙ

ያ ቁልቁለት ላይ አደጋ ከደረሰ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ ጊዜ ይሄዳል። ከእጅ ወይም ከእግር የሚንፎለፎል ደም ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ባጃጅ የምትነዱ ልጆች፣ እባካችሁ ቱርኒኬት መኪናችሁ ውስጥ ይኑር።

ቁስሉን አጥብቃችሁ ተጫኑት። አልቆም ካለ፣ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ጉልበትና ክርን ላይ ግን አይታሰርም። ደሙ ቀጥ እስኪል አጥብቁ። በጣም ያማል፣ ሰውየው ይጮኻል። ብትራሩለትም አታላሉለት፤ የላላ ማሰሪያ መድማቱን ያባብሳል። ያሰራችሁበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ ጻፉ፣ ሐኪም ሳያየው አትፍቱ።

ቱርኒኬት ከሌለ ነጠላ በሰፊው አጥፋችሁ በጠንካራ እንጨት አጠንጥኑ። ሽቦና ቀጭን ገመድ ሥጋ ይቆርጣል። የቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ካገኛችሁ አይለፋችሁ፤ እጅ የሚለምደው አስቀድሞ ሲሠራው ነው።