«ቴኔር» አልገባ ሲል

ስፓኒሽ ስንማር ገና በመጀመሪያው ሳምንት የሚያደናቅፈን ግስ «ቴኔር» ነው። የኛን «አለኝ» ይተካል። ጣጣውም ከዚሁ ከ«አለኝ» ይጀምራል።

ችግር፦ «ሁለት ወንድሞች አሉኝ» ለማለት «ትዬኔን ዶስ ኤርማኖስ» ትላላችሁ። ሰሚው የተረዳው ግን «እነሱ ሁለት ወንድሞች አሏቸው» ብሎ ነው።

መንስኤ፦ የአማርኛው ግስ የሚከተለው ያለንን ነገር ነው። እህት አለችኝ፣ ወንድም አለኝ፣ ልጆች አሉኝ። እኔ መጨረሻ ላይ «ኝ» ሆኜ ተለጥፌ እቀራለሁ። ስፓኒሽ ግሱን የሚሰጠው ለባለቤቱ ነው።

መፍትሄ፦ «ስንት ነው?» የሚለውን እርሱት፤ «የማን ነው?» ብቻ ጠይቁ። የኔ ከሆነ፣ አንድም ይሁን መቶ፣ «ቴንጎ» ነው።

ችግር፦ «ቴኖ» ወይም «ትዬኔሞስ» ከአፍ ይወጣል።

ግሱ ሁለት ቦታ ላይ ያፈነግጣል። «ጎ» የምትመጣው ለ«እኔ» ብቻ ነው። ከ«ቴንጎ» በቀር፣ «ትዬ» የሚመጣው ደግሞ ጫናው (ድምፁ ጠንከር የሚልበት ቦታ) ሥሩ ላይ ሲያርፍ ነው፤ በ«እኛ» እና በ«እናንተ» ጫናው ወደ መጨረሻው ስለሚሸሽ «ቴ» እንዳለ ይቀራል። ጮክ ብላችሁ በሉት፦ ቴንጎ፣ ትዬኔስ፣ ትዬኔ፣ ቴኔሞስ፣ ቴኔይስ፣ ትዬኔን። ላቲን አሜሪካ ከሆናችሁ «ቴኔይስ»ን ተዉት፤ እዚያ ለ«እናንተ»ም «ትዬኔን» ነው። ለ«እርስዎ» ደግሞ የ«እሱ»ን «ትዬኔ» ውሰዱ። ይቺን ከለመዳችሁ «ቤኒር» (መምጣት) በነጻ ተገኘ ማለት ይቻላል፤ ከ«እኛ» እና ከ«እናንተ» መጨረሻ በቀር በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ችግር፦ «ሃያ ዓመቴ ነው» ለማለት «ሶይ ቤይንቴ»።

«ነው»ን ቃል በቃል መተርጎም ነው የጎዳችሁ። ስፓኒሽ ዕድሜን «ይይዛል»፦ ቴንጎ ቤይንቴ አኞስ። «ኞ»ዋን አደራ! «አኖስ» ካላችሁ ወሬው ከዕድሜ ወደ መቀመጫ ይወርዳል። «ኝ» ላለው ሕዝብ ይሄ ስህተት አይመጥንም። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝም እንዲሁ በ«ቴንጎ» ነው የሚባሉት፦ ቴንጎ አምብሬ፣ ቴንጎ ሴድ፣ ቴንጎ ፍሪዮ።

«መሄድ አለብኝ» ላይ ግን አማርኛችን ያግዘናል። እኛም ግዴታን ከ«አለ» እንደምናወጣው፣ እነሱም ከ«ቴኔር» ያወጡታል፦ ቴንጎ ኬ ኢር። «ኬ»ን አትዝለሉ።

የመጨረሻው፦ «ውሃ አለ?» ሲባል «ትዬኔ አጓ» አይሆንም። ባለቤት የሌለው «አለ» በስፓኒሽ «አይ» ነው። «አይ አጓ» ሲሏችሁ ታዲያ ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳትወጡ፤ ውሃ አለ ማለታቸው ነው።