ፆም ሲገባ የእማማን ኪኒን አታቋርጡ፣ ሰዓቱን አዛውሩ

ደሴም ሆነ ባቲ፣ ረመዳን ወይም ሁዳዴ ሲገባ የግፊትና የስኳር ኪኒናቸውን የሚያቋርጡ አዛውንት ብዙ ናቸው። ግፊት ደግሞ ሳያም ይጎዳል።

የግፊት ኪኒኑ አምሎዲፒን በቀን 1 ጊዜ ስለሆነና ምግብ ስለማይጠብቅ ማታ ሲያፈጥሩ መዋጥ ይቻላል፤ ብቻ ሰዓቱ በየቀኑ አይቀያየር። የስኳር ኪኒኑ ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ነው፣ አለዚያ ሆድ ያውካል። በጣም የሚያስፈራው ሌላው የስኳር ኪኒን፣ ግሊቤንክላማይድ ነው፦ ውጠው ሳይበሉ ከቆዩ ስኳራቸው ይወርዳል። ላብ ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ንግግራቸው ከተዛባ፣ እባካችሁ ማፍጠሪያ አትጠብቁ፤ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጧቸው። በ15 ደቂቃ ካልተሻላቸው ድገሙና ጤና ጣቢያ አድርሷቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አትስጡ፣ ያንቃቸዋል።

መጠኑን ራሳችሁ አትቀንሱ። ፆሙ ሳይገባ ኪኒኖቹን ከነማሸጊያቸው ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።