ጎማ ሲፈነዳ ሰው የሚሳሳታቸው ነገሮች፣ በተለይ የጅማን መንገድ ለምትነዱ

ሰሞኑን አሰንዳቦ አካባቢ አንድ ቪትዝ ቦይ ውስጥ ገብቶ አየሁና ወረድኩ፣ ሾፌሩ ገና ልጅ ነው፣ ተመስገን ምንም አልሆነም። ምን ሆነህ ነው ስለው «ጎማው ፈነዳ፣ ፍሬን ያዝኩ» አለኝ። ይቺን «ፍሬን ያዝኩ» ስንት ጊዜ ሰማኋት! ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሚኒባስ ስመላለስበት ዓመታት አልፈዋል፣ የማየው ስህተት ግን ያው ነው።

ፍሬን መርገጥ፦ ድው ሲል እግር ሳታስቡት ወደ ፍሬን ይሄዳል፣ ይገባኛል። ግን ፍሬን ስትይዙ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይመጣል፣ የፈነዳው የፊት ጎማ ከሆነ መኪናው በዛው በኩል ተጎትቶ ይወጣል፣ የኋላ ከሆነ ደግሞ ኋላው ይዞርባችኋል። መሪውን በሁለት እጃችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ቀጥ አድርጉት፣ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ ቀስ እያላችሁ አንሱ፣ በአንዴ አይደለም። የፈነዳ ጎማ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል እኮ! ፍጥነቱ 30 አካባቢ ሲወርድ ፍሬቻ አሳይታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳር ያዙ። ቁልቁለት ከሆነ ፍሬኑን በስሱ የምትነኩት መኪናው ተረጋግቶ ቀጥ ካለ በኋላ ብቻ ነው።

እኔም ረግጫለሁ። አባልቲን አልፌ ወደ ጊቤ ስወርድ የቀኝ የፊት ጎማ ፈነዳ፣ ደንግጬ ፍሬን ያዝኩ፣ መኪናው ወደ ገደሉ ዞረ። የቆምነው ጠርዙ ላይ ነው። ያተረፈን 50 ላይ መሆናችን እንጂ የኔ ችሎታ አይደለም። ከኋላዬ ሕፃን ያቀፈች እናት ነበረች፣ ልጁ እንኳን አላለቀሰም፣ እሷ ግን ትከሻዬን የጨመደደችበትን እጇን ማላቀቅ አቅቷት ቆየች። እስካሁን አልረሳውም።

መሪ በድንገት መጠምዘዝ፦ ያው ነው፣ ይገለብጣል።

«ጊቤ ሙቀት ነው፣ ንፋስ ቀንስልኝ» ማለት፦ ይሄ በጣም ያናድደኛል። አጂፕ ጋ ጎሚስታ ቤት ቁጭ ብዬ በአንድ ጠዋት ሦስት ሰው እንደዛ ሲል ሰማሁ፣ ሁሉም ለጥንቃቄ ብለው ነው እኮ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ንፋስ ሲያንስ የጎማው ጎን እየታጠፈ እየተዘረጋ ይሄዳል፣ መታጠፉ ነው የሚያግለው፣ ሲግል ውስጡ ያለው ክር ይላቀቅና ይፈነዳል። ቡና ሲደርስ ደግሞ ጣራው ላይ ጆንያ ይጫናል፣ ያነሰ ንፋስ ላይ ጭነት ተጨምሮበት በጠራራ ፀሐይ ወደ ጊቤ በረሃ መውረድ ማለት በቃ ራስን መጣል ነው። የመኪናችሁ የንፋስ ልክ የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ጠርዙ ላይ ተለጥፏል፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ በዛ አስነፉ። መንገድ ላይ ሲግል ቁጥሩ ከፍ ቢል ጤነኛ ነው፣ አታስተንፍሱት።

ኩርባ ላይ ቆሞ ጎማ መቀየር፦ ቸርኬው ይበላሻል ብላችሁ ኩርባ ላይ አትቁሙ፣ ይበላሽ! ከኋላ የሚመጣ አይሱዙ የሚያይበት ቦታ ድረስ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብሩ፣ ተሳፋሪው ወርዶ ከአስፋልቱ ይራቅ።

ድንጋይ ጥሎ መሄድ፦ ምልክት ብላችሁ ቅጠልና ድንጋይ ትደረድራላችሁ፣ ጥሩ፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑ አንፀባራቂ ቢሆን ይሻላል ግን እሺ። ጎማ ቀይራችሁ ስትጨርሱ ድንጋዩን ለምን ትታችሁት ትሄዳላችሁ? ማታ ሶኮሩ አካባቢ ጭጋግ ውስጥ የሰው ጭንቅላት የሚያክል ድንጋይ አስፋልት መሃል አግኝቼ ለትንሽ ነው የተረፍኩት። ወንድሞቼ እህቶቼ፣ የናንተ ጎማ ፈንድቶ የሌላ ሰው ሕይወት አይጥፋ፣ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ በአንድ አንሱት።

የጎማውን ዕድሜ አለማየት፦ ጥርሱ አለ ማለት ጎማው ደህና ነው ማለት አይደለም። ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፣ 2316 ካለ በ2016 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው ማለት ነው። አሥር ዓመት የሞላው ከሆነ ምንም ቢያብረቀርቅ አትግዙ። ጎኑ ላይ እባጭ ካያችሁ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳትሉ አውልቁት።

ክሪክ ጭቃ ላይ ማቆም፦ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ዳሩ ሁሌ ለስላሳ ነው፣ ከክሪኩ ሥር ጣውላ አድርጉ፣ ሌላኛው ጎማ ሥር ታኮ፣ ብሎኑን ደግሞ መኪናውን ከማንሳታችሁ በፊት አላሉት። ከመኪናው ሥር ማንም እጁንም እግሩንም እንዳያስገባ።

ያ የቪትዙ ልጅ መኪናውን ሰው ተረባርቦ አወጣለትና ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማውን ማለት ነው፣ አወረድንለት። አውራ ጣቴን ስጫንበት ገባ፣ ንፋስ የሚባል የለውም። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አስነፋኸው ስለው ዝም አለ፣ እኛም ጎማውን ይዘን ጎሚስታ ፍለጋ ሄድን።