ባለ ብዙ መስመር ዲሌይና ሺመር፦ የሚያጋጥሙ ችግሮች፣ መንስኤያቸውና መፍትሔያቸው

ባለ ብዙ መስመር ዲሌይ የጊታሩን ድምፅ ተቀብሎ በተለያየ ጊዜ እየዘገዩ የሚመለሱ በርካታ ቅጂዎችን ይፈጥራል፤ ሺመር ደግሞ ከሪቨርቡ (የአዳራሽ ዓይነት ማስተጋባት ከሚፈጥረው ኤፌክት) የሚወጣውን ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ኦክታቭ (እስከ ቀጣዩ ከፍ ያለ ተመሳሳይ ኖታ) ከፍ አድርጎ መልሶ ወደዚያው ሪቨርብ ያስገባዋል። ሁለቱም የሚሠሩት ድምፅን ወደ መጣበት በመመለስ ስለሆነ፣ በዲጂታል ፕሮሰሰር ላይ የሚሰማው አብዛኛው ብልሽት የሚነሣው ከዚሁ ምልልስ ነው። ስለዚህ ሌላ ማስተካከያ ከመነካቱ በፊት የሁሉንም መስመሮች ፊድባክ፣ ማለትም ተመልሶ የሚገባውን የድምፅ መጠን፣ ዜሮ አድርጎ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ችግሩ ከጠፋ ምንጩ ምልልሱ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ካልጠፋ ግን በኤፌክቶቹ ቅደም ተከተል ወይም በድምፁ መውጫ በኩል መፈለግ ይገባል።

ድምፁ እያደገ ሄዶ አልቆም ሲል

በአንድ መስመር ዲሌይ ላይ 60 በመቶ ፊድባክ ምንም ጉዳት የለውም፤ እያንዳንዱ ድግግሞሽ ከቀደመው እያነሰ ሄዶ ይጠፋል። መስመሮቹ እርስ በርሳቸው በሚቀባበሉበት ጊዜ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ሁለት መስመሮች እያንዳንዳቸው 60 በመቶውን ለራሳቸው፣ 60 በመቶውን ደግሞ ለሌላው ቢልኩ፣ በየዙሩ የሚመለሰው ድምር 120 በመቶ ይሆናልና ድምፁ ከመርገብ ይልቅ እየጎላ ሄዶ መጨረሻ ላይ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ወደ አንድ መስመር የሚገባውን ፊድባክ ሁሉ ደምሮ ከ100 በታች ማድረግ ነው፤ ለምሳሌ 40 ለራሱ፣ 30 ለሌላው መስጠት ረጅም ሆኖም የሚገታ ጅራት (ከምቱ በኋላ የሚቆይ ቅሪት ድምፅ) ያስገኛል። ድምሩ ትንሽ ሆኖ ሳለ ድምፁ አሁንም ካደገ፣ በምልልሱ ውስጥ ያለ ኢኪው (የድምፅ ቃና ማመጣጠኛ) ወይም ፊልተር አንዱን ድምፅ ለይቶ ከፍ እያደረገ ሊሆን ስለሚችል እርሱን ማጥፋት ይበጃል።

ሺመሩ ከሚጫወተው ሙዚቃ ጋር ሲጋጭ

ይህ ብዙ ጊታሪስቶችን ግራ የሚያጋባ ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ድምፅ ያማረ ሆኖ ሳለ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ብቻ ይበላሻል። ፒቹ፣ ማለትም የኖታው ከፍታ፣ በምልልሱ ውስጥ በ7 ሴሚቶን (አንድ ኦክታቭ 12 ሴሚቶን ነው) ከፍ እንዲል ከተደረገ፣ ዶ የተመታበት ድምፅ በመጀመሪያው ዙር ሶል፣ በሁለተኛው ሬ፣ በሦስተኛው ላ፣ በአራተኛው ሚ፣ በአምስተኛው ሲ ይሆናል፤ በስድስተኛው ዙር ፋ ሻርፕ ላይ ሲደርስ ከዶ ሜጀር ስኬል ወጥቷል። ከዚያም በፊት ቢሆን ሁሉም ድምፆች ተደራርበው ስለሚቆዩ የኮርዱ ማንነት ይደበዝዛል። በ4 ሴሚቶን ሲሆን ደግሞ ግጭቱ ይፈጥናል፦ ዶ፣ ሚ፣ ቀጥሎም ሶል ሻርፕ። 12 ሴሚቶን ግን የቱንም ያህል ጊዜ ቢዞር ያው ዶ ሆኖ ይቀራል፤ ሺመር በኦክታቭ የታወቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

አምስተኛው ድምፅ፣ ማለትም በ7 ሴሚቶን ከፍ ያለው፣ የግድ ከተፈለገ፣ ፒች ሺፍተሩን (ፒቹን ከፍ የሚያደርገውን ክፍል) ከምልልሱ አውጥቶ ከሪቨርቡ በፊት ማስቀመጥ ይሻላል፤ ያኔ ድምፁ አንድ ጊዜ ብቻ ከፍ ይልና ሪቨርቡ እርሱኑ ያስተጋባዋል። የሙዚቃ ፕሮዲውሰሮቹ ብራያን ኢኖና ዳንኤል ላኖይስ በ1980ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ይህን ድምፅ ሲያወጡ ፒች ሺፍተርና ሪቨርብን እንደ ተለያዩ መሣሪያዎች አያይዘው ነበር፤ ዛሬም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሁለቱን ነጣጥሎ መገንባት ከተዘጋጀው ሺመር የበለጠ ነፃነት ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

ሺመሩ ሲሾልና ጆሮ ሲወጋ

440 ኸርዝ የሆነ ድምፅ በአራት ዙር ውስጥ 880፣ 1760፣ 3520 እና 7040 ኸርዝ ላይ ይደርሳል። በምልልሱ ውስጥ ሎው ፓስ ፊልተር (ከፍተኛ ድምፆችን የሚቆርጥ) አስገብቶ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ኸርዝ ባለው ቦታ መቁረጥ ይህን ይገታዋል፤ ከምልልሱ ውጭ የተቀመጠ ፊልተር ግን ክምችቱን ስለማያስቆም እምብዛም አይረዳም። የኤሌክትሪክ ሃምም (ከመብራት መስመር የሚመጣ ጉምጉምታ) እንዲሁ በኦክታቭ እየወጣ እንደ ማያቋርጥ ኦርጋን ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ኖይዝ ጌቱ (ዝቅተኛ ጫጫታን የሚዘጋው ኤፌክት) ከኤፌክቶቹ በፊት መቀመጥ አለበት፤ ከኋላቸው ከሆነ ጅራቱን ራሱን ይቆርጠዋል።

ኮርድ ሲመታ ሁሉም ነገር ሲጨማለቅ

ዲስቶርሽኑ (ድምፁን የሚያሻክረው ኤፌክት) ከሺመሩ በኋላ ከሆነ፣ የተደራረቡት ኦክታቮችና ድግግሞሾች በአንድነት ስለሚጨመቁ በመካከላቸው ያልተጫወቱ አዳዲስ ድምፆች ይወለዳሉ። ሁለቱን ኤፌክቶች ከአምፕሊፋየሩና ከካቢኔቱ (ከስፒከር ሳጥኑ) ሞዴል በኋላ ማስገባት፣ እውነተኛ አምፕሊፋየር ካለም በኤፌክት ሉፑ (ኤፌክት በሚሰካበት የአምፕሊፋየሩ መውጫና መግቢያ) ውስጥ ማያያዝ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ትክክል ሆኖ ድምፁ አሁንም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ምክንያቱ ፒች ሺፍተሩ ነው፤ ብዙዎቹ ድምፁን በአጫጭር ቁርጥራጮች ቆራርጠው እየደራረቡ ስለሚሠሩ የክሩ መመታት ሁለት ሁለት ጊዜ ይሰማል። በቮልዩም ፔዳል የክሩን አመታት ደብቆ ድምፁን ቀስ ብሎ ማስገባት ይህን በእጅጉ ይሸፍነዋል።

ድግግሞሾቹ ከምቱ ጋር ሳይገጥሙ ሲቀሩ

60,000ን ለቢፒኤሙ (በአንድ ደቂቃ ውስጥ ላሉት ምቶች ብዛት) ማካፈል የአንዱን ምት ርዝመት በሚሊሰከንድ ይሰጣል፦ በ120 ቢፒኤም 500፣ ነጥብ ያለው ስምንተኛ ኖታ ደግሞ 375 ነው። መስመሮቹ 250፣ 500 እና 1000 ቢሆኑ በአንድ ቦታ እየተገናኙ አንዳንዱን ድግግሞሽ ከሌላው ያጎሉታል። ይህ ለሪትም ይጠቅማል፤ የተዘረጋ ደመና ለሚፈልግ ግን 293፣ 371፣ 437፣ 523ን የመሰሉ የማይገጣጠሙ ጊዜዎች ይሻላሉ።

ኤፌክቱ ሲበራ የጊታሩ ድምፅ ሲሳሳ

ይህ የሚከሰተው በተለይ በትይዩ ኤፌክት ሉፕ ላይ ነው፤ ይህም ዋናው ድምፅ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ እያለፈ ኤፌክቱ በጎን የሚደመርበት ነው። ፕሮሰሰሩ ያልተለወጠውን ድምፅም ከ2 ሚሊሰከንድ በኋላ አብሮ የሚልክ ከሆነ፣ ከዋናው ጋር ሲገናኝ 250 እና 750 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ያጠፋዋል። ሚክሱን (የኤፌክቱን ድርሻ) 100 በመቶ አድርጎ ደረቁን ድምፅ ለአምፕሊፋየሩ ብቻ መተው ይፈታዋል።

ፕሪሴት ሲቀየር ጅራቱ ከተቆረጠ ስፒልኦቨር ወይም ትሬይልስ የሚባለውን ምርጫ ማብራት ነው። ግራና ቀኝ የተከፈሉ መስመሮች ከጠፉ ደግሞ መውጫው አንድ ገመድ ብቻ መሆኑን አይቶ ሁሉንም ወደ መሐል መመለስ ይበቃል።