የምርመራ ፋይል ክላውድ ላይ ስታስቀምጡ ቁልፉን ማን ይዞታል?

ዘገባው ወጥቶ አለቀ፣ ሰው አነበበው፣ የምስክሮቹ ድምጽ ግን፣ ፎቶው፣ ስካን የተደረገው ደብዳቤ፣ ሁሉም አንድ ላፕቶፕ ላይ ተከምሮ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዱ ይከሰስና "ማስረጃህን አምጣ" ይባላል፣ ላፕቶፑ ደግሞ ያኔ ሞቷል። እኛ የምርመራ ዘገባ የምንሰራ አራት ሰዎች ነን፣ 300 ጊጋ የሚሆን የምርመራ ፋይል አለን፣ ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ፣ ለማስቀመጥ ስንሞክር ያልተሳሳትነው ስህተት የለም ማለት ይቻላል፣ እና እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ጉግል ድራይቭ ላይ ያለ ፎልደር አርካይቭ አይደለም። ከኮምፒውተራችሁ ጋር ሲንክ የሚያደርግ፣ ማለትም ሁለቱን እኩል እያደረገ የሚሄድ፣ ነገር እናንተ ስትሰርዙ አብሮ ይሰርዛል። ጉግል ድራይቭ ትራሽ ውስጥ የሚያቆየው 30 ቀን ነው፣ በቃ። አርካይቭ ማለት አንዴ ገብቶ ማንም የማይነካው ማለት ነው።

ከማስገባታችሁ በፊት ፋይሉን አስተካክሉ። ኦሪጅናሉን ከስልኩ ወይ ከካሜራው በኬብል ውሰዱ እንጂ በዋትስአፕ ወይ በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላላኩት፣ ይጨመቅና መቼ በምን እንደተነሳ የሚለው መረጃ ይጠፋል። ከዛ ቀን። ይሄ የኛ ሀገር ልዩ ጣጣ ነው። ምስክሯ "የካቲት 30 ስምንት ሰዓት ገደማ" ትላለች፣ ካሜራው ማርች 9፣ 14፡10 ብሎ መዝግቧል፣ አንድ ቀን ነው፣ አንድ ሰዓት ነው፣ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ያላየ ሰው የሚጋጩ ይመስለዋል። እኛ አሁን ፋይሉን በአውሮፓ ቀን ዓመት-ወር-ቀን እና በተራ ቁጥር እንሰይመውና የሀበሻውን ቀን እና ሰዓት የፋይሎቹን ዝርዝር በምንይዝበት መዝገብ ውስጥ ከጎኑ እንጽፋለን። የሰው ስም ፋይል ስም ላይ በፍጹም! ስሙ ያለው መዝገቡ ውስጥ ነው፣ መዝገቡም አብሮ ይቆለፋል።

ቀጥሎ ሀሽ። ኤስኤችኤ-256 የሚባለው ከፋይሉ ውስጥ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው አሻራ ያወጣል፣ ከአንድ ሰዓት ኦዲዮ ላይ አንድ ሴኮንድ ብትቆርጡ አሻራው ከላይ እስከ ታች ይቀየራል። ዊንዶውስ ላይ ፓወርሼል ከፍቶ ጌት ፋይልሀሽ (Get-FileHash) ማለት ነው፣ ምንም አይጫንም። የአሻራዎቹን ዝርዝር ፋይሉ በእጃችሁ በገባበት ቀን አውጡት፣ ከወር በኋላ ብታወጡት ለማንም አያሳምንም።

አሁን መቆለፍ። ክላውዱ ራሱ ኢንክሪፕት ያደርጋል፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ይቆልፋል፣ ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ቁልፉ በአብዛኛው እሱ ጋር ነው፣ ቤት ቆልፎ ቁልፉን ለአከራይ መስጠት በሉት። ስለዚ ከላፕቶፑ ሳይወጣ መቆለፍ አለበት። ቬራክሪፕት የሚባለው የመቆለፊያ ፕሮግራም ጥሩ ነው ግን ሁሉንም አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ነው የሚከተው፣ ውስጡን ብትቀይሩም የፋይሉን ቀን እንደነበር ስለሚተወው ሲንክ የሚያደርገው ፕሮግራም የተቀየረ ነገር የለም ብሎ ሊያልፈው ይችላል፣ ሲያውቀው ደግሞ ሙሉውን ፋይል፣ 20 ጊጋም ቢሆን፣ እንደ አዲስ ሊጭን ይነሳል፣ በኛ ዳታ ኧረ ይቅር። እኔ ክሪፕቶማተርን ነው የምመርጠው፣ ነጻ ነው፣ እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻ ይቆልፋል፣ ስሙንም ይደብቃል፣ መብራት ቢጠፋ ከቀረበት ትቀጥላላችሁ። ለእያንዳንዱ ምርመራ የራሱን ቮልት (የተቆለፈ ፎልደር) ክፈቱ፣ የራሱ ፓስወርድ ያለው፣ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ፓስወርዱ ላይ ነው እኔ የተቃጠልኩት። ብልጥ ነኝ ብዬ በአማርኛ ረጅም አረፍተ ነገር አደረኩት፣ ማን ይገምተዋል ብዬ። ከስምንት ወር በኋላ ልክፈት ስል አይከፍትም። አረፍተ ነገሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ግን "ፀሐይ" የምትል ቃል አለች፣ በየትኛው "ፀ" ነው የጻፍኳት? ፀ ወይስ ጸ? ሐ ነው ሀ ነው ኀ? ለጆሮ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ስድስት የተለያየ ፓስወርድ ነው። እሷ ላይ "ሠራዊት" የምትል ደግሞ ነበረች። አንድ ሙሉ ከሰዓት ወረቀት ላይ እየሰረዝኩ ሞክሬ በዘጠነኛው ተከፈተ፣ ላብ በላብ ሆኜ። በላቲን ፊደል ብትጽፉትም ያው ነው፣ አንዱ ቀን በዋይ ሌላ ቀን በአይ ትጨርሱታላችሁ። ስለዚ በቃል የሚባል ነገር የለም፣ ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል ይጻፍ፣ ክሪፕቶማተር የሚሰጠውን የሪከቨሪ ኪይ (ፓስወርዱ ቢጠፋ የሚተካ ቁልፍ) የቃላት ዝርዝርም አብራችሁ ጻፉ፣ ሁለት ኮፒ፣ ታሽጎ፣ ሁለት የተለያየ ቤት፣ አንዱ ምርመራውን ከማይሰራ የምታምኑት ሰው ጋር። ኢሜይል ላይ ድራፍት አድርጎ ማስቀመጥ ግን ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ መሄድ ነው።

የት ይቀመጥ? ቶሎ ቶሎ የማትከፍቱት ከሆነ የአማዞን ኤስ3 ግላሲየር ዲፕ አርካይቭ የሚባለው ለ1 ቴራ በወር 1 ዶላር አካባቢ ነው፣ የኛ 300 ጊጋ 30 ሳንቲም እንኳ ብዙም አያልፍም። ግን ቢያንስ የ180 ቀን ትከፍላላችሁ፣ ፋይል ስትጠይቁ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ትጠብቃላችሁ፣ ሙሉ 1 ቴራ ከክላውዱ በኢንተርኔት ማውረድ ከ80 ዶላር በላይ ሊሄድ ይችላል። እዛው ኦብጀክት ሎክ የሚባል አለ፣ ኮምፕላያንስ ሞድ ላይ ካደረጋችሁት ቀኑ ሳይደርስ የአካውንቱ ባለቤት ራሱ መሰረዝ አይችልም፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ይሄ ነው። እና ምስክር ደውሎ "ቃሌን አጥፉልኝ፣ ፈርቻለሁ" ቢልስ? ለዛ ነው ቮልቱ ለየብቻ የሆነው፣ የዛን ቮልት ቁልፍ ወረቀቶች ታቃጥላላችሁ፣ ከላፕቶፑም ታጠፋላችሁ፣ ክላውዱ ላይ የቀረው ማንም የማይከፍተው ዝባዝንኬ ነው።

ክፍያው በዶላር የሚከፍል ካርድ ይፈልጋል፣ ብዙ ሰው አሜሪካ ባለ ዘመድ ካርድ ነው የሚከፍተው። ይሁን፣ ግን ካርዱ ሲያልቅ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው በየትኛው ኢሜይል ነው? እናንተ በምታዩት መሆን አለበት። የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫውን በኤስኤምኤስ አታድርጉት፣ ሲም ይጠፋል፣ ኦተንቲኬተር (ስልክ ላይ ኮድ የሚያወጣ አፕ) ተጠቀሙና የሪከቨሪ ኮዱን ፕሪንት አድርጉ።

ክላውድም ቢሆን የሰው ህንጻ ነው። ማርች 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ያለው ኦቪኤች የሚባል የክላውድ ድርጅት ዳታ ሴንተር ተቃጥሎ ባክአፕ ሌላ ቦታ ያልነበራቸው ደንበኞች ፋይላቸውን አጥተዋል። የኛ ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ለወራት የሚዘጋበት ጊዜ አለ፣ አይተነዋል። ስለዚ 3 ኮፒ፣ 2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1 ከቤት ውጪ፣ የተቆለፈውን ቮልት እንዳለ ሃርድ ዲስክ ላይም ገልብጡት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ከሀገር ስለሚወጣበት ሁኔታም ይደነግጋል፣ የምስክሮች ስም ያለበት ነገር ከሆነ አንድ ጠበቃ አማክሩ።

በየስድስት ወሩ አንድ ፋይል አምጡ፣ እና ምርመራውን የሰራው ሰው አይክፈተው፣ ሌላው በወረቀቱ ብቻ ይሞክር። ያወረደውን ሀሽ ያውጣና 64ቱን ከድሮው ጋር ያስተያይ። ከዛ ያዳምጠው! ባለፈው የኛ ሀሽ ልክ መጣ፣ ደስ አለን፣ ኦዲዮው ግን ከድሮ ስልክ የተቀዳ ኤኤምአር ነበርና አዲሱ ላፕቶፕ ላይ የሚያጫውተው አጣን፣ ቪኤልሲ አውርደን ነው የሰማነው። አሁን ከኦሪጅናሉ ጎን አንድ የዋቭ ኮፒ እናስቀምጣለን፣ የራሱ ሀሽ ያለው፣ መዝገቡ ላይ "የተቀየረ ኮፒ" ተብሎ።