ለምናብ ዓለም የሥርዓት ዜማ ሲፈጥሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለልብ ወለዳችሁ በምናባችሁ አንድ ሕዝብ ፈጥራችኋል እንበል። ቋንቋ አለው፣ ንጉሥ አለው፣ ጠላትም አለው። አሁን የዘመን መለወጫው ደርሷልና ዜማ ያስፈልገዋል። ብዙ ጥሩ ረቂቅ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ከዜማ መሣሪያው ስም መነሳት ነው። የሚያምር ስም ይወጣለታል፣ ከዚያ ባዶ። እስቲ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ መቼ ነው የማይመታው? በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል አይሰሙም። ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ ይዘምማሉ። ያ ከበሮ በትንሣኤ ሌሊት ሲመታ ሕዝቡ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ያውቀዋል። ክልከላ የሌለው ዜማ ናፍቆትም የለውም።

ሁለተኛው፣ ዕቃው ከምን እንደተሠራ መርሳት። የበረሃ ሰዎች ከትልቅ ግንድ የተፈለፈለ ከበሮ ሲመቱ አነባለሁ። ግንዱ ከየት መጣ? በገናን ተመልከቱ። አሥሩ አውታሮች የበግ አንጀት ናቸው። ያ የሚነዝር ድምፁ የሚመጣው በአውታሩና አውታሮቹን ደግፎ በሚይዘው በብርኩማው መካከል ከምትገባ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው። ቆዳዋ በደንብ ካልተቀመጠች ንዝረቱ ይጠፋል። በግ የሚያረባ ሕዝብ መሣሪያ መሆኑ ከድምፁ ይታወቃል። የእናንተዎቹ ዓሣ አጥማጆች ከሆኑ ከበሯቸው በዓሣ ቆዳ ይወጠር፤ ዝናብ ሲመጣም ይርገብ።

ሦስተኛው ስህተት በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ታሪክ ያስመልጣል። ሁሉም ሰው ሁሉንም ይጫወታል። እምቢልታ የሚባለው ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ እንዲህ አይደለም። አንድ ነፊ ከእምቢልታው የሚያወጣው ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚሞላው ነፊዎቹ ተራ በተራ ሲቀባበሉ ነው። አንዱ ከቀረ ዜማው ይጎድላል። እና ከነፊዎቹ አንዱ በበዓሉ ዋዜማ ቢሞትስ? ማን ይተካዋል? ሴት ልጁ ድምፁን ብታውቀው ይፈቀድላታል? ይኸው፣ ምዕራፍ ወጣው።

ስም ቀይሮ መገልበጥም አለ። ጸናጽሉን ወስዶ ሌላ ስም መስጠት፣ ደብተራውን «የጨረቃ አገልጋይ» ማለት። አንባቢ ወዲያው ይነቃል፣ የሚያመልክበት ሰው ደግሞ ይከፋዋል፤ እውነቱን ነው። ዕቃውን ትታችሁ አሠራሩን አጥኑ። የቅዱስ ያሬድ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉ ሦስት የዜማ ስልቶች አሉት፤ ቅኝቱ እንደ ወቅቱና እንደ በዓሉ ይለያያል። ከዚህ ተነስታችሁ ባሕሩ ሲሞላ አንድ ዓይነት፣ ሲሸሽ ሌላ ዓይነት የሚዜምበት አገር መፍጠር ትችላላችሁ።

በመጨረሻም በቅጽል ማድነቅ ይቅር። «ልብ የሚሰርቅ ጥዑም ዜማ» ምንም አያሰማም። የነፊው ጉንጭ፣ የከበሮው ማንገቻ ትከሻ ላይ ያወጣው ሰንበር ይታይ። ግጥሙ ሁለት ስንኝ ይበቃዋል። ሃያ ከጻፋችሁ አንባቢ ዘሎት ያልፋል።